የወፈረ ልጅ ያለበት ቤት ምን ይለውጥ?

በብዙ አበሻ ቤት ጉንጩ ሞላ ያለ ሕፃን ሲታይ «ተስማምቶታል» ይባላል። የቀጭን ልጅ እናት ግን ለመጣው እንግዳ ሁሉ «ትበላለች እኮ፣ አልታይ ብሏት ነው» እያለች ስታስረዳ ትውላለች። ስጋቱ ከመሬት የተነሣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 የተካሄደው አነስተኛው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው፣ ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት 37 በመቶዎቹ የቀነጨሩ ነበሩ። ከመጠን በላይ የወፈሩት 2 በመቶ ብቻ ነበሩ።

በሌላው ዓለም ነገሩ ተገልብጧል። ዩኒሴፍ በ2025 ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 19 ከሆኑት መካከል ከልክ ያለፈ ውፍረት ያለባቸው 9.4 በመቶ ሲደርሱ ከክብደት በታች የሆኑት 9.2 በመቶ ናቸው። በ2000 ውፍረቱ 3 በመቶ ብቻ ነበር። ከሰሐራ በታች ያለው አፍሪካና ደቡብ እስያ ገና ከዚህ ለውጥ ውጭ ናቸው። ሆኖም አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ ወይም ዋሽንግተንና ስቶክሆልም የሚያድግ ልጅ፣ ረሃብ በሚፈራ ቤትና ቺፕስ በሞላበት ሱቅ መካከል ነው የሚኖረው።

ለመሆኑ አንድ ልጅ ከመጠን በላይ ወፍሯል የሚባለው መቼ ነው? በዓይን መገመት ያሳስታል፤ ወላጅ የራሱን ልጅ የሚያየው ከጎረቤት ልጆች ጋር እያስተያየ ነውና። የዓለም ጤና ድርጅት ከአምስት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ክብደትን ከቁመት ጋር የሚያመሳክር ሰንጠረዥ አለው። ከዚያ በላይ ላሉት ደግሞ በኪሎ የተለካው ክብደት፣ በሜትር ለተለካው ቁመት ሁለት ጊዜ ይካፈልና ውጤቱ ለዕድሜውና ለጾታው ከተዘጋጀው ሰንጠረዥ ጋር ይታያል። አንድ ልኬት ብቻውን ብዙ አይናገርም። ሐኪም የሚያየው መስመሩ ከዓመት ዓመት ወዴት እየሄደ እንደሆነ ነው።

ብዙ ወላጆችን የሚያስገርመው ነገር እዚህ ላይ ይመጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ ልጁ ኪሎ እንዲቀንስ አይፈለግም። ቁመቱ 125 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 32 ኪሎ የሆነ የስምንት ዓመት ወንድ ልጅ እንውሰድ። ስሌቱ 20.5 ገደማ ይሰጣል፤ ይህም ለዕድሜው ከልክ ያለፈ ውፍረት ከሚባለው ወሰን ያልፋል። ይኸው ልጅ በዓመቱ 131 ሳንቲ ሜትር ደርሶ ክብደቱ እዚያው 32 ቢሆን ቁጥሩ ወደ 18.6 ይወርዳል። አንድ ግራም ሳይቀንስ ከከባዱ ወሰን ወጣ ማለት ነው። ልጅ እያደገ ስለሆነ ጊዜ ከእሱ ጋር ነው። እንደ አዋቂ ምግብ ማስቀነስ፣ ቁርስ ማስዘለልና «ዳይት» ማስያዝ ግን ለዕድገቱ የሚያስፈልገውን ይነጥቀዋል።

ታዲያ ቤቱ ምን ያድርግ? አሜሪካዊቷ የሥነ ምግብ ባለሙያ ኤሊን ሳተር ሥራውን ለሁለት ከፍላ አስቀምጣዋለች። ምን እንደሚቀርብ፣ መቼና የት እንደሚበላ የሚወስነው ወላጅ ነው። ከቀረበው ላይ ምን ያህል እንደሚበላ፣ ጭራሽ ይብላ አይብላ የሚወስነው ደግሞ ልጁ ነው። በብዙ ቤት ግን ሥልጣኑ ተቀያይሯል። ልጅ «ፓስታ ካልሆነ አልበላም» ብሎ ምናሌውን ያወጣል፤ ወላጅ ደግሞ «ይቺን ለእማዬ፣ ይቺን ለአባዬ፣ ይቺን ለአያትህ» እያለ መጠኑን ይወስናል። ልጁ ጠግቦ ፊቱን ሲያዞር ሦስት ጉርሻ ከተጨመረለት፣ ሆዱ «በቃኝ» ሲለው መስማቱን ቀስ በቀስ ይተዋል። ጉርሻው ይቅር ማለት አይደለም፤ ሕፃኑ አፉን ሲገጥም እጅ ይመለስ ነው።

ተቃራኒው ጥፋትም አለ። በ1999 የታተመ የጄኒፈር ፊሸርና የሊያን በርች ጥናት ትንንሽ ልጆች ዓይናቸው እያየ የሚወዱት መክሰስ ሲከለከል ምን እንደሚያደርጉ ተመልክቷል። ልጆቹ ስለዚያ ምግብ ይበልጥ ማውራት፣ ይበልጥ መፈለግ ጀመሩ፤ ሲፈቀድላቸውም ከፊቱ አብልጠው ወሰዱ። ብስኩቱን ቁምሳጥን ላይ ሰቅሎ «እንዳትነካ» ማለት ልጁን ወንበር ላይ ከማስወጣት ያለፈ ፋይዳ የለውም። ከሱቅ አለማምጣት ይሻላል። ለመክሰስ ቆሎ፣ ንፍሮ፣ ሙዝ፣ ብርቱካን ወይም ካሮት ዓይን በሚያርፍበት ቦታ ቢቀመጥ፣ የተራበ ልጅ ያገኘውን ይበላል። ለትንንሾቹ ግን ቆሎ ያንቃልና ንፍሮውም ቢሆን በደንብ በስሎ ደቀቅ ይበል።

አንድ ነገር ብቻ መለወጥ የሚችል ቤት ከመጠጥ ይጀምር። ግማሽ ሊትር ኮካ ኮላ ከ50 ግራም በላይ ስኳር ይዟል፤ በሻይ ማንኪያ አሥራ ሦስት ገደማ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ያወጣው መመሪያ የተጨመረ ስኳር፣ ማርና ጭማቂ ውስጥ ያለው ስኳር ተደምሮ ከቀኑ ኃይል ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን ይላል። በቀን 1,600 ካሎሪ ለሚበቃው ልጅ ይህ 40 ግራም ነው። ስለዚህ አንዷ ጠርሙስ ብቻዋን የቀኑን ጣሪያ ታልፋለች። «የፍሬ ነው» ተብሎ የሚታለፈው ጭማቂም እንዲሁ ይታይ። የአሜሪካ ሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2017 ባወጣው ምክር፣ ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን ጭማቂ ጨርሶ አይሰጥም፤ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ላለው በቀን ከ120 ሚሊ ሊትር አይበልጥም። ጭማቂ ቤት የሚቀርበው አንድ ብርጭቆ ስፕሪስ ከዚህ ይበልጣል። ጠዋት አጥሚት ላይ፣ ከሰዓት ሻይ ላይ የሚጨመረው ስኳርም ይቆጠራል።

ይህ ሁሉ በከተማ ደረጃ ሲሞከር ምን እንደሚመስል አምስተርዳም አሳይታለች። በ2012 ከከተማዋ ልጆች 21 በመቶ ያህሉ ከመጠን በላይ ወፍረው ነበር፤ ችግሩ የበረታው ዝቅተኛ ገቢ ባላቸውና ከቱርክ፣ ከሞሮኮና ከሱሪናም በመጡ ቤተሰቦች ላይ ነው። በከተማው ምክር ቤት ኃላፊነት የነበረው ኤሪክ ቫን ደር በርክ የመራው ፕሮግራም ልጆቹን ክብደት ቀንሱ አላለም። በተሳተፉት ትምህርት ቤቶች ከምሳ ዕቃ ጋር የሚመጣው መጠጥ ውኃ ወይም ወተት ብቻ ሆነ፤ ለልደት ከረሜላ ማደል ቀረ፤ ወላጆች ምግብ ማብሰል ተማሩ። በ2015 ቁጥሩ ወደ 18.5 በመቶ ወረደ። ውጤቱን ሁሉ ለፕሮግራሙ መስጠት ባይቻልም፣ ጓደኞቹ ሁሉ ውኃ ሲጠጡ ልጁ ለብቻው እንደተቀጣ አይሰማውም።

እንቅስቃሴ ጂም አይፈልግም። ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉት በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ላብ የሚያወጣ ጨዋታ ይመከራል፤ ሰኞ ማክሰኞ፣ ገመድ ዝላይና ኳስ ይበቃሉ። ግቢው በመኪና ለተያዘበት የአዲስ አበባ ልጅ፣ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ መንገድ ተዘግቶ የሚካሄደው «መንገድ ለሰው» መፈንጫ ሆኖታል። እንቅልፍም ይታሰብ። ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ9 እስከ 12 ሰዓት መተኛት አለበት፤ እንቅልፍ ያጣ ልጅ በማግሥቱ ይበልጥ ይርበዋል፣ ጣፋጭም ያምረዋል። ስልክ ከአልጋ አጠገብ መነሣቱ ለዚህም ይጠቅማል።

አፍን መጠበቅ የሁሉም ድርሻ ነው። «ቦርጫሙ»፣ «ዱባዬ» የሚለው ቀልድ አክስቶችን ሲያስቅ ልጁን ይጎዳዋል። ስለ ክብደት በቤት ውስጥ መቀለድና ማውራት ከውፍረትም ከአመጋገብ መታወክም ጋር እንደሚያያዝ የአሜሪካ ሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2016 ጽፏል። ከወንድሞቹ ለይቶ ለአንዱ ብቻ ሰላጣ ማቅረብም ያው ነው፤ ጎመኑ ለሁሉም በአንድ ትሪ ይውጣ።

ሐኪም ጋ ለመሄድ የማያጠራጥሩ ምልክቶች አሉ። ልጁ እያንኮራፋ ትንፋሹ ቆም ቆም የሚል ከሆነ፣ የአንገቱ ቆዳ ጠቁሮ ከወፈረ፣ አብዝቶ ከጠማውና ሽንት ከበዛበት፣ ወይም እየወፈረ ቁመቱ ከቆመ ቀጠሮ አይዘግይ። የመጨረሻው የሆርሞን ችግር ሊሆን ይችላል። ሲኬድ የክትባትና የዕድገት መከታተያ ካርዱን መያዝ ሥራውን ያቀላል፤ ሐኪሙ መስመሩ ከየት እንደጀመረ የሚያየው ከዚያ ነው። ቤት ውስጥ በየቀኑ ሚዛን ላይ ማውጣት አያስፈልግም፤ በየሦስት ወሩ ቁመትና ክብደት አብሮ መመዝገብ በቂ ነው።