ሐኪም ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

አንድ ወጣት ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ባዮኬሚስትሪ ወይም ማይክሮባዮሎጂ ሊማር መሆኑን ለዘመዶቹ ሲነግር የሚገጥመው ጥያቄ ምን ጊዜም አንድ ነው። «ታዲያ ሐኪም ካልሆንክ ምን ልትሆን ነው?» ይሉታል። እኛም ከዩኒቨርሲቲ ከወጣን ገና ብዙ ዘመን ስላልሆነን ጥያቄው እስካሁን ከጆሯችን አልጠፋም። ጠያቂዎቹን አንነቅፍም፤ ልጁ ነገ እንጀራውን በምን እንደሚያገኝ ማወቅ የማይፈልግ ወላጅ የለምና። መልሱን ለማግኘት ግን ከመከራከር ይልቅ ወደ ኮልፌ ቀራንዮ፣ ወደ ዘነበወርቅ ሰፈር መዝለቅ ይሻላል እንላለን።

ቀድሞ የልዕልት ዘነበወርቅ ሆስፒታል በነበረበት ሥፍራ እ.ኤ.አ. በ1965 አለርት የተባለው የሥጋ ደዌ ሕክምናና ማሠልጠኛ ማዕከል ተቋቋመ። እ.ኤ.አ. በ1970 ደግሞ የኖርዌይና የስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ሆነው በዚያው ግቢ የምርምር ተቋም መሠረቱ። ስሙም በኖርዌያዊው ሐኪም በአርማወር ሐንሰን ተሰየመ። ሐንሰን እ.ኤ.አ. በ1873 በበርገን ከተማ የደዌውን ባክቴሪያ በማይክሮስኮፕ ያየ ሰው ነው። በዘመኑ ደዌው በዘር የሚወርድ ነው የሚሉ ሊቃውንት ብዙ ነበሩ። በእኛስ አገር «ዘሩ ነው» እየተባለ ስንት ጋብቻ ፈርሷል፣ ስንቱስ ከቀዬው ወጥቶ በዚሁ በዘነበወርቅ ዙሪያ ጎጆ ቀልሷል!

የአዲስ አበባና የሌሎችም ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎች ለመመረቂያ ጥናታቸው ወደዚህ ተቋም ይመጣሉ። በክፍል ውስጥ የለመዱት ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ ምግቡና ሙቀቱ ከተመቸው በ20 ደቂቃ እጥፍ ይሆናል፤ ማታ ዘርተውት ቢያድሩ ጧት ሳሕኑን ሞልቶት ይገኛል። የሥጋ ደዌው ባክቴሪያ ግን እጥፍ ለመሆን 2 ሳምንት ያህል ይፈጅበታል። ይባስ ብሎም ሐንሰን ካየው ወዲህ ከ150 ዓመት በላይ ቢሞከር በሰው ሠራሽ ማብቀያ ላይ አልበቅልም ብሏል። ተመራማሪዎች የሚያራቡት በአይጥ መዳፍና አርማዲሎ በተባለ የአሜሪካ አውሬ አካል ውስጥ ነው። የአይጥ መዳፍ መባሉ አንባቢን ያስገርም ይሆናል። ባክቴሪያው ቀዝቀዝ ያለ የአካል ክፍል ይወዳል፤ በሰውም ላይ አፍንጫን፣ ጆሮንና እጅ እግርን ይበልጥ የሚያጠቃው ስለዚሁ ነው።

ስለ ምን አይበቅልም? የማይክሮባዮሎጂው ተማሪ እዚህ ላይ ሲደርስ የባዮኬሚስትሪውን ጓደኛውን መጥራት ግድ ይሆንበታል። እ.ኤ.አ. በ2001 የባክቴሪያው ጂኖች ተነበው ሲያልቁ፣ በሥራ ላይ ያሉት 1,600 ያህል ብቻ ሆነው 1,100 የሚያህሉት ከስመው ተገኙ። ዘመዱ የሳንባ ነቀርሳው ባክቴሪያ 4,000 ያህል አለው። ምግብን ወደ ኃይል የሚለውጥባቸው ብዙ መንገዶች ስለ ተበላሹበት ከሌላ ሕዋስ ውጭ ራሱን ችሎ አይኖርም፤ የራሱን ቤት አፍርሶ በጎረቤት ጓዳ እንደሚያድር ሰው ነው። እንግዲህ ሁለቱን ትምህርቶች አንዱ ከሌላው እንዳይገናኝ በአጥር ለይቶ ማስተማር ለምን እንደሚጠቅም አይገባንም።

ወደ ዘመዶች ጥያቄ እንመለስ። ሐኪሙ ለሕመምተኛው የሚሰጠው ዳፕሶን የተባለው መድኃኒት ባክቴሪያው ፎሌት የተባለውን ቪታሚን እንዳይሠራ ያግደዋል። መድኃኒቱ ብዙ ዘመን ብቻውን ሲሰጥ ኖረ፤ ባክቴሪያውም መቋቋሙን ለመደ። ይህ ነገር በ1970ዎቹ በኢትዮጵያ ሕሙማንም ላይ ታየ። እ.ኤ.አ. በ1981 የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎች መድኃኒቶቹ ተጣምረው እንዲሰጡ የመከሩት ስለዚሁ ነው፤ ዛሬ ደዌው በ6 ወይም በ12 ወር ሕክምና ይድናል። መድኃኒቱ መክሸፉን ለማረጋገጥ ግን ከሕመምተኛው ቆዳ የተወሰደውን ባክቴሪያ በአይጥ መዳፍ ላይ መውጋት፣ ለአይጦቹም መድኃኒቱን ከምግባቸው ጋር እያበሉ ስድስት ወርና ከዚያም በላይ መጠበቅ፣ ከዚያም በማይክሮስኮፕ ሥር አንድ በአንድ መቁጠር ያስፈልግ ነበር።