ነቀምቴ ላይ ርካሽ ኮምፒውተር ስንት ያወጣል?

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲለቅ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ፤ ከዚያም ወደ ላይ ቀጠለ። በ60 ዶላር የሚገዛ ዕቃ በዋዜማው ተመን 3,420 ብር ነበር፤ ዶላሩ 120 ብር ሲገባ 7,200 ብር ሆነ። ቀረጡ፣ የነጋዴው ትርፍ፣ ከአዲስ አበባ ነቀምቴ ያለው የ330 ኪሎ ሜትር ገደማ ማጓጓዣ ገና አልተነካም። ያ መንገድ ደግሞ ባለፉት ዓመታት ሰላሙ በደፈረሰ ቁጥር ምን እንደሚያስከፍል ነጋዴው ያውቃል።

60 ዶላርን የመረጥኩት በምክንያት ነው። ራስበሪ ፓይ 5 የተባለው፣ መዳፍ ላይ የሚያርፍ ባለ አንድ ሰሌዳ ኮምፒውተር በ2023 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ባለ 4 ጊጋባይቱ የተተመነበት ዋጋ ነው። ለነቀምቴ፣ ለግምቢ፣ ለሻምቡ፣ ለደምቢ ዶሎ ሰው ይህ ዋጋ ውድ ነው ወይስ ርካሽ? መልሱ ያለው ዕቃው በሚያገለግልበት ዕድሜ ላይ ነው። 7,200 ብር ወጥቶበት በሦስት ዓመት የሚጣል ዕቃ በዓመት 2,400 ብር ያስወጣል፤ ስምንት ዓመት ካገለገለ ግን 900 ብር ብቻ። የሒሳብ ባለሙያ የእርጅና ቅናሽ ብሎ በመዝገቡ የሚያሰፍረው ይህንኑ ነው። እኔ የምለው፣ ይህን ዕድሜ ከምንም በላይ የሚወስነው የግራፊክስ ድራይቨር የሚባል፣ በዓይን የማይታይ የሶፍትዌር ቁራጭ ነው። በግዢ ጊዜ ግን ስለ እሱ የሚጠይቅ ሰው አላጋጠመኝም።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። ስልካችን፣ ታብሌቱ፣ ከቴሌቪዥን ጋር የሚገጠመው አንድሮይድ ቦክስ፣ ሁሉም ማለት ይቻላል ቺፓቸው አርም በተባለው ንድፍ የተሠራ ነው። አርም የእንግሊዝ ኩባንያ ነው፤ ንድፉን በፈቃድ ይሸጣል፣ ቺፑን ሌሎች ያመርታሉ። ቺፑ ርካሽ ነው፤ የሚወስደው ኃይልም ትንሽ ነው። አንድሮይድ ራሱ ደግሞ የቆመው በነፃው ሊኑክስ ከርነል፣ ማለትም በሥርዓቱ አስኳል፣ ላይ ነው። ታዲያ አምራቹ የተወውን ታብሌት ወይም ቦክስ ወስዶ ሙሉ ሊኑክስ መጫን፣ ከኪቦርድና ከስክሪን ጋር አገናኝቶ የጽሕፈትና የትምህርት ኮምፒውተር ማድረግ ምን ይከብዳል? ከርነሉን ማስነሳት ብዙ ጊዜ ይቻላል። ችግሩ የሚመጣው ስክሪኑ ላይ ነው።

የወፍጮ ቤት ምሳሌ ይርዳን። ሞተር አለ፣ ድንጋይ አለ፣ ሁለቱን የሚያያይዝ ቺንጋ አለ። ቺንጋው ከተበጠሰ ሞተሩ ያጓራል፣ ናፍጣውንም ይበላል፣ ዱቄት ግን አይወርድም። በቺፑ ውስጥ ድንጋዩ ግራፊክስ የሚሠራው ክፍል ነው፤ ስክሪን ላይ የምናየውን እያንዳንዱን ነጥብ በሺዎች በአንድ ጊዜ የሚያሰላ ነው። ቺንጋው ድራይቨሩ ነው። ድራይቨር ከሌለ ሥዕሉን ሁሉ ዋናው ፕሮሰሰር ብቻውን ይሸከማል። መስኮት ሲጎተት ይንቀረፈፋል፣ ድረ ገጽ ሲንሸራተት ይንተባተባል፣ ቺፑ ይግላል፣ ባትሪው ቶሎ ይወርዳል። ተጠቃሚው «ይህ ዕቃ አርጅቷል» ብሎ ይጥለዋል፤ የተጣለው ግን ድንጋዩ ጤነኛ የሆነ ወፍጮ ነው።

ባለወፍጮ ቺንጋ ቢበጠስበት ከሱቅ ገዝቶ ይቀይራል። የግራፊክስ ቺንጋ ግን ለረጅም ዘመን አምራቹ ብቻ የሚያውቀው ምስጢር ነበር። ድራይቨሩ ተዘግቶ ይሰጣል፤ የሚስማማው ከአንድ የአንድሮይድ ስሪት ጋር ብቻ ነው፤ አምራቹ ማደስ ሲያቆም ዕቃውም እዚያው ይቆማል። ለምን ደበቁት? የቺፕ ሻጭ ደንበኛው ስልክ አምራቹ ነው፤ ስልክ አምራቹም በየዓመቱ አዲስ ሞዴል መሸጥ ይፈልጋል። ዕቃው አሥር ዓመት ቢያገለግል ከሁለቱ አንዳቸውም አይጠቀሙም። ጉዳቱ የሚያርፈው በዋጋው ድርድር ላይ ባልነበረው በሦስተኛው ሰው ላይ ነው፤ ግምቢ ላይ ሁለተኛ እጅ ታብሌት በሚገዛው አባት ላይ። በኢኮኖሚክስ ይህ የታወቀ ነገር ነው፦ ውሳኔው ከአንዱ፣ ወጪው ከሌላው።

ቺንጋውን ለሁሉም ለማድረስ የተሄደው መንገድ ረጅም ነው። ማሊ 400 የተባለው የአርም ግራፊክስ ክፍል በርካታ ርካሽ ታብሌቶችና ቦክሶች ውስጥ ገብቶ ነበር። ሉክ ቬርሀገን የተባለ ፕሮግራመር የተዘጋውን ድራይቨር አሠራር ከውጭ እያጠና ሊማ የተባለውን ነፃ ድራይቨር ጀመረ፤ በ2012 እ.ኤ.አ. ብራስልስ ላይ በይፋ አሳየው። ሥራው ቆሞ በሌሎች እጅ ዳግም ተነሳ፤ ወደ ዋናው ሊኑክስ ከርነል የገባው ግን በሐምሌ 2019 እ.ኤ.አ. በወጣው 5.2 በተባለው ስሪት ነው። ሰባት ዓመት መሆኑ ነው! በዚያው ስሪት ለአዳዲሶቹ ማሊዎች የሚሆነው ፓንፍሮስት አብሮ ገባ፤ ከጀማሪዎቹ አንዷ አሊሳ ሮዘንዝዋይግ ያኔ ገና ወጣት ተማሪ ነበረች። አርም ራሱ ከጊዜ በኋላ ሥራውን ማገዝ ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ለመጡት ቺፖች ፓንቶር የተባለው ድራይቨር በ2024 እ.ኤ.አ. ከርነሉ ውስጥ ገብቷል።

በአርም ቺፕ የሚሠራው ራስበሪ ፓይ በሌላ መንገድ መጣ። በ2012 እ.ኤ.አ. በ35 ዶላር ሲወጣ የግራፊክስ ድራይቨሩ ዝግ ነበር። በየካቲት 2014 እ.ኤ.አ. ቺፑን የሚሠራው ብሮድኮም የግራፊክሱን ሰነድ ለሕዝብ ለቀቀ፤ የፓይ ድርጅቱም ነፃውን ኮድ ፓይ ላይ አስነስቶ አንድ የታወቀ የኮምፒውተር ጨዋታ ላጫወተ ሰው 10,000 ዶላር ሽልማት አቀረበ። ሳይመን ሆል የተባለ ሰው በሳምንታት ውስጥ ሽልማቱን ወሰደ። ብሮድኮም ቀጥሎ ኤሪክ አንሆልት የተባለውን ባለሙያ ቀጥሮ ሙሉ ነፃ ድራይቨር አሠራ። ዛሬ ያ የ2012ቱ ሰሌዳ እንኳ የታደሰ ሊኑክስ ይቀበላል። አንድ ሰነድ መለቀቁና 10,000 ዶላር መውጣቱ ለሚሊዮኖች ዕቃ ዕድሜ ጨመረ። አንድ ጊዜ የተጻፈ ነፃ ድራይቨር ደምቢ ዶሎ ያለ ተማሪ ሲጠቀምበት ነቀምቴ ካለው አይቀንስበትም። የዚህ ዓይነት ሀብት ለድሃ አገር ከእርዳታ የተሻለ ነው፤ አያልቅምና።

እኛስ ከዚህ ጋር ምን አለን? ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ የሚወስደው መንገድ አምቦን ያልፋል፤ ከአምቦ ወደ ደቡብ ወጣ ቢሉ ወንጪ አለ። በ2012 እ.ኤ.አ. የአንድ ላፕቶፕ ለአንድ ሕፃን ድርጅት ትምህርት ቤት ላልነበራቸው የወንጪና የወለንጪቲ አካባቢ ሕፃናት አንድሮይድ ታብሌቶችን ያለ አስተማሪ ሰጣቸው፤ ቻርጅ የሚደረጉት በፀሐይ ነበር። መሥራቹ ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እንደተናገሩት ልጆቹ በወራት ውስጥ የተቆለፈውን ካሜራ ራሳቸው ከፍተውታል። የልጆቹ ችሎታ ያስደስታል፤ እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ጥያቄ ነው፦ ሙከራው ሲያልቅ የዚያ ታብሌት ዕድሜ በማን እጅ ነበር? የታብሌቱን ካሜራ ሕፃን ከፈተው፤ ግራፊክሱን ግን ያለ ሰነድ ሊከፍት አይችልም።

ትልቁ ምሳሌ የሕዝብና ቤት ቆጠራው ነው። ለአራተኛው ቆጠራ ወደ 180 ሺህ ታብሌቶች ተገዝተው ነበር። በ2010 ዓ.ም. ሊካሄድ የነበረው ቆጠራ ተራዘመ፤ በ2011 ዓ.ም. እንደገና ተራዘመ። የመጨረሻው ቆጠራ አሁንም የ1999 ዓ.ም. ነው። ታብሌት እህል አይደለም፣ ጎተራ ውስጥ አይቆይም፤ ባትሪው ይሞታል፣ አንድሮይዱ ያረጃል። እንዲህ ያለ ግዢ ሲፈጸም ድራይቨሩ በዋናው ከርነል ውስጥ ያለ ቺፕ ከተመረጠ፣ የመጀመሪያው ዓላማ ቢዘገይም ዕቃው ለትምህርት ቤት፣ ለጤና ጣቢያ፣ ለቀበሌ ሊተርፍ ይችላል። ካልተመረጠ በውጭ ምንዛሪ የተገዛ ብረትና ብርጭቆ ሆኖ ይቀራል።

እውነቱን ለመናገር፣ ለአንድ ግለሰብ ብዙ ጊዜ የምመክረው ሁለተኛ እጅ ላፕቶፕ ነው። የኢንቴል ግራፊክስ ያለው አሮጌ ላፕቶፕ ነፃ ድራይቨር አለው፤ ሊኑክስ ላይ ያለ ችግር ይሠራል፤ ባትሪና ስክሪን አብረውት አሉ። ነቀምቴ ላይ የጽሕፈትና የኮፒ ሱቅ ለመክፈት ያሰበ ወጣት ስለ አርም ሰሌዳ ሲሰማ እሱን ትቶ ላፕቶፕ ቢገዛ አልወቅሰውም።

አርም የሚያሸንፈው ብዙ መቀመጫ በአንድ ክፍል ሲኖርና መብራት ሲያስቸግር ነው። 20 መቀመጫ ያለው የትምህርት ቤት ክፍል እናስብ። እያንዳንዱ ዴስክቶፕ ከነስክሪኑ 100 ዋት ቢወስድ 2,000 ዋት ይሆናል። 7 ዋት የሚወስድ ሰሌዳና 20 ዋት የሚወስድ ስክሪን ከሆነ 540 ዋት ብቻ ነው። የመጀመሪያው ጀነሬተር ይፈልጋል፣ ናፍጣውን በየቀኑ፤ ሁለተኛው በመጠነኛ የፀሐይ ፓነልና ባትሪ ይነሳል። ፊንጫ ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከሆሮ ጉዱሩ ኃይል እያመነጨ ለአገር ይልካል፤ የወለጋ ትምህርት ቤት ግን መብራት ሲጠፋ ፈተናውን ያቋርጣል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በከፊል በኮምፒውተር እየተሰጠ ነው። ማውስ ነክቶ የማያውቅ ተማሪ በፈተና ቀን ከማውስ ጋር ሲተዋወቅ የሚያጣው ነጥብ በዕውቀት ማነስ የመጣ አይደለም።

ሌላም አለ። በ2012 ዓ.ም. ከታኅሣሥ መጨረሻ ግድም ጀምሮ በምዕራብ ኦሮሚያ፣ ወለጋን ጨምሮ፣ ስልክና ኢንተርኔት ለሦስት ወር ገደማ ተቋርጦ ነበር። ያኔ ትምህርቱን ሁሉ ኢንተርኔት ላይ የሰቀለ ሰው ባዶውን ቀረ። ኪዊክስ በሚባለው ነፃ ሶፍትዌር ዊኪፔዲያን፣ በፒዲኤፍ ደግሞ የተማሪ መጻሕፍትን በአንዲት ሚሞሪ ካርድ ላይ የያዘች ትንሽ የአርም ሰሌዳ ግን ለአንድ ትምህርት ቤት ሙሉ ቤተ መጻሕፍት በዋይፋይ ታድላለች። አፋን ኦሮሞ በላቲኑ ቁቤ ስለሚጻፍ ሊኑክስ ላይ ምንም ተጨማሪ ነገር አይጠይቅም፤ ለአማርኛም ነፃ ፊደልና ኪቦርድ አለ።

የነቀምቴ የሞባይል ጥገና ሱቆች ከዚህ ገበያ ውጭ መሆን የለባቸውም። ስልክ ፍላሽ ማድረግ፣ ስክሪን መቀየር፣ የተዘጋ ስልክ መክፈት የዕለት እንጀራቸው ነው። ሊኑክስ መጫን ከዚያ ብዙም አይርቅም፤ የጎደለው ቺፕን ከቺፕ የመለየት ዕውቀት ነው። በዋጋ እኩል ከሆኑ ሁለት ሁለተኛ እጅ ስልኮች ስናፕድራጎን የተባለ ቺፕ ያለው፣ ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተሠራው ፍሪድሪኖ የተባለ ነፃ ድራይቨር ስላለው ረጅም ዕድሜ የማግኘት ዕድሉ ይሰፋል። ፓወርቪአር የተባለ ግራፊክስ ያለው ግን ነፃ ድራይቨሩ ወደ ከርነሉ መግባት የጀመረው በ2024 እ.ኤ.አ. ነው፤ ያውም ለጥቂት ቺፖች። የዚህ ዓይነት ዝርዝር አዘጋጅቶ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ለሱቆቹ ማደል፣ በ1999 ዓ.ም. ተቋቁሞ ነቀምቴ፣ ግምቢና ሻምቡ ላይ ግቢ ላለው ለወለጋ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ተማሪዎች የመመረቂያ ሥራ ቢሆን እንዴት ጥሩ ነበር!

የመንግሥት ግዢም እንዲሁ። የወለጋው ለቀምት ቡና ጆንያው አምሮ ስለታየ ብቻ አይገዛም፤ ናሙና ይወጣል፣ ይቆላል፣ ይቀመሳል፣ ደረጃ ይሰጠዋል፣ ዋጋው ከዚያ በኋላ ይመጣል። ለቡና ይህን ያህል የሚጠነቀቅ አገር ለትምህርት ቤት 500 ታብሌት ሲገዛ ጨረታው የሚጠይቀው የስክሪኑን ስፋት፣ የራሙን መጠንና ዋጋውን ነው። አንድ መስመር ብትጨመር ይበቃል፦ «የግራፊክስ ድራይቨሩ በዋናው የሊኑክስ ከርነል ውስጥ ያለ»። ሻጩ ይህን ማሟላት ካልቻለ ዋጋው ቢያንስም ዕድሜው አጭር ነውና፣ የዓመት ወጪው ተሰልቶ ይወዳደር።

ድራይቨሩ መኖሩን የሚያሳየው ሙከራ ደግሞ፣ ዕቃው ከካርድ መነሳት ከቻለ፣ ገንዘብ አይጠይቅም። አንድ ሚሞሪ ካርድ ላይ ለዕቃው የሚስማማ ሊኑክስ ጭኖ ሱቁ ይዞ መሄድ፣ ካስነሱ በኋላ የሲስተሙን መረጃ ከፍቶ ግራፊክስ የሚለውን መስመር ማንበብ ነው። ሊማ፣ ፓንፍሮስት፣ ቪ3ዲ (የራስበሪ ፓይ ድራይቨር) ወይም ፍሪድሪኖ የሚል ከሆነ ቺንጋው ተገጥሟል። ኤልኤልቪኤም ፓይፕ የሚል ከሆነ ፕሮሰሰሩ ድንጋዩን በእጁ እያዞረ ነው፤ ብር ከኪስ ሳይወጣ ዕቃውን ለባለሱቁ መመለስ ይቻላል።