መብታችንን የሚተረጉመው ማን ነው? ሕገ መንግሥቱ ከገደብ ሲታይ

የገደብ ነዋሪ በሕገ መንግሥታዊ ጥያቄ ላይ ድምፅ ከሰጠ ገና ጥቂት ዓመታት ናቸው። ጥር 29 ቀን 2015 በስድስት ዞኖችና በአምስት ልዩ ወረዳዎች ሕዝበ ውሳኔ ሲካሄድ የጌዴኦ ዞን አንዱ ነበር፤ ነሐሴ ላይም የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ተመሠረተ። በአዋጅ ቁጥር 1265/2014 የተቋቋመው የሀገራዊ ምክክር ኮሚሽን ሥራ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ የሕገ መንግሥት መሻሻል ጥያቄ በየመድረኩ ይነሳል። እንደ ገደብ ሙስሊሙ በቁጥር አነስተኛ በሆነበት አካባቢ፣ የትኛው አንቀጽ ምን እንደሚል አውቆ መድረክ ላይ መቅረብ ግድ ይላል።

ምን ተጽፏል?

አንቀጽ 11 መንግሥታዊ ሃይማኖት እንደማይኖር፣ መንግሥት በሃይማኖት፣ ሃይማኖትም በመንግሥት ጉዳይ ጣልቃ እንደማይገባ ይደነግጋል። አንቀጽ 27 እምነትን በግልም በጋራም የመግለጽና የሃይማኖት ትምህርት ተቋም የማቋቋም መብት ይሰጣል። አንቀጽ 34(5) ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ የቤተሰብ ጉዳይ በሃይማኖት ሕግ እንዲዳኝ በር ይከፍታል፤ የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች የሚቆሙት በዚህ ላይ ነው።

ይህ በቀላሉ የተገኘ አይደለም። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን የመንግሥት ሃይማኖት አድርጎ ነበር። ሙስሊሞች ሚያዝያ 12 ቀን 1966 በአዲስ አበባ አደባባይ ወጥተው እኩልነትን ከጠየቁ በኋላ ነው ዒዶቻችንና መውሊድ ብሔራዊ በዓል የሆኑት።

ሁለት አንቀጽ ሲጋጭስ?

አንቀጽ 90(2) ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ይሁን ይላል። በሂጃብ ክርክር ትምህርት ቤቱ ይህን፣ ተማሪዋ አንቀጽ 27ን ይጠቅሳሉ። በ2017 አክሱም ላይ የተነሳው ውዝግብ ፍርድ ቤት የደረሰው በዚሁ ነው። ሆኖም አንቀጽ 27(5) ገደብ የሚጣለው በሕግ ብቻ እንደሆነ፣ ምክንያቱም እንደ ሕዝብ ደኅንነት፣ ጤና፣ ትምህርትና የሌሎች መብት ያለ መሆን እንዳለበት ይናገራል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «የከለከለው ሕግ የትኛው ነው?» የሚል ይሁን።

በአሜሪካ እንዲህ ያለውን ክርክር ፍርድ ቤቶች ይቋጩታል። እ.ኤ.አ. በ2015 የሀገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሂጃቧ ምክንያት ሥራ የተከለከለች ሙስሊም ወጣትን ጉዳይ በ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ መሠረት አይቶ ለእርሷ ወገን ፈርዷል። በእኛ ሀገር ግን በአንቀጽ 83 መሠረት ሕገ መንግሥቱን የሚተረጉመው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ጉዳዩን አስቀድሞ የሚያጣራው 11 አባላት ያሉት የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ነው፤ ጥያቄውን ፍርድ ቤት ወይም ባለጉዳዩ ሊያቀርብለት ይችላል።

ለዚህ ደግሞ ማስረጃ ያስፈልጋል። የመስጂድ ቦታም ሆነ የመቃብር ስፍራ ጥያቄ በጽሑፍ ይቅረብ፣ ምላሹም በጽሑፍ ይጠየቅ፣ ቅጂው ይቀመጥ። በቃል የተነገረ ክልከላ ይግባኝ ለማለት አያመችም።

ቢሻሻልስ?

በአንቀጽ 105 መሠረት የምዕራፍ ሦስት መብቶች የሚሻሻሉት ሁሉም የክልል ምክር ቤቶች በድምፅ ብልጫ፣ ሁለቱ የፌዴራል ምክር ቤቶችም በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሲያጸድቁት ነው። አንድ ክልል እንቢ ካለ ማሻሻያው ይወድቃል። ገደብ ወደ ክልሉ ምክር ቤት የሚልከው ተወካይ እንግዲህ በአንቀጽ 27 ዕጣ ላይ ድምፅ አለው ማለት ነው። በምርጫ ሰሞን በዚህ ላይ አቋሙን መጠየቅ የመራጩ ድርሻ ነው።