ከሳነቴ አምባ ጠርዝ ወደ ጋርባ ጉራቻ ሐይቅ፦ የባሌ ተራሮች የእግር ጉዞ

ለሥራ ጉዳይ ወደ ባሌ የሚጓዝ ሰው የሳነቴን አምባ የሚያውቀው አብዛኛውን ጊዜ በመኪና መስኮት ነው። ከጎባ ወደ ዶሎ መና የሚወስደው መንገድ ከባሕር ወለል በላይ ከ4,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ወጥቶ አምባውን አቋርጦ ያልፋል። መንገደኛውም ብርዱንና ጭጋጉን ታግሶ፣ ጅብራውን አሻግሮ አይቶ፣ ተራራውን ጎበኘሁ ብሎ ይመለሳል። ይሁንና የአምባው ሰሜናዊ ጠርዝና ከሥሩ የተኛው የጋርባ ጉራቻ ሐይቅ ከመኪና መንገዱ ርቀው የሚገኙ በመሆናቸው በእግር ወይም በፈረስ ካልሆነ በቀር አይታዩም።

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1962 ዓ.ም የተቋቋመ ሲሆን፣ ወሰኑ በሕግ ተደንግጎ በነጋሪት ጋዜጣ የወጣው በ2006 ዓ.ም ነው። በመስከረም ወር 2016 ዓ.ም ደግሞ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ከ2,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ባለው በዚህ ፓርክ ውስጥ የሚገኘው የቱሉ ዲምቱ ተራራ 4,377 ሜትር ከፍታ ያለው ሲሆን በአገሪቱ ከራስ ዳሽን ቀጥሎ የሚጠቀስ ነው። ስሙ በኦሮምኛ ቀይ ተራራ ማለት ነው። ጋርባ ጉራቻ ደግሞ ጥቁር ባሕር ማለት ሲሆን፣ በገደል ጥላ ሥር ያለውን ውኃ ከላይ ሆኖ ላየ ሰው ስያሜው ማብራሪያ አያሻውም።

የእግር ጉዞው የሚጀመረው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ከሚገኝባት ከዲንሾ ከተማ ነው። ተጓዡ በጽሕፈት ቤቱ ተመዝግቦ የመግቢያ ክፍያ ይፈጽማል፤ የአካባቢው ተወላጅ የሆነ አስጎብኚ ይመደብለታል፤ ጓዙንም የሚሸከሙለት ፈረሶች ከነባለቤቶቻቸው ይቀርቡለታል። ይህ አሠራር ለሥርዓት ብቻ ተብሎ የተዘረጋ አይደለም። በአምባው ላይ ጭጋግ በድንገት ሲወርድ አቅጣጫ የሚጠፋ ሲሆን፣ ምልክት የሚሆን ዛፍም የለም። መንገዱን የሚያውቀው በዚያ ከብት ሲጠብቅ ያደገ ሰው ነው።

ከዲንሾ ተነስቶ የዌብ ወንዝን ሸለቆ ይዞ የሚጓዝ ሰው በመጀመሪያው ቀን የፊንጫ ሀበራን ፏፏቴ ያገኛል። በዚሁ አካባቢ በሚገኝ የዋሻ መጠለያ የተካሄደና በ2011 ዓ.ም ማብቂያ ይፋ የሆነ ጥናት፣ ሰዎች ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመታት በፊት ባሉት ዘመናት በስፍራው ይኖሩ እንደነበር አረጋግጧል። ከ3,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይህን ያህል ጥንታዊ የሰው መኖሪያ መገኘቱ የሳይንስ ዓለምን አስገርሟል። ነዋሪዎቹ ይመገቡት የነበረው በዋነኛነት ግዙፉን ፍልፈል ነበር። ይኸው ፍልፈል ከባሌ በስተቀር በዓለም ላይ በየትም ስፍራ የማይገኝ ሲሆን፣ ዛሬ ደግሞ የቀይ ቀበሮ ዋነኛ ምግብ ነው።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ቀስ በቀስ ወደ ላይ የሚወጣባቸው ናቸው። ቀስ በቀስ የመውጣቱ ነገር ሊሰመርበት ይገባል። በ4,000 ሜትር ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው 60 በመቶ ገደማ ብቻ በመሆኑ፣ በአንድ ቀን ከቆላ ተነስቶ አምባው ላይ የሚያድር ሰው ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ማጣት ሊያጋጥመው ይችላል። ሕመሙ ከበረታ መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ሳይውል ሳያድር ወደ ታች መውረድ። እስኪነጋ ልጠብቅ ማለት ለሕይወት ያሰጋል። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው የበጋ ወቅት ሰማዩ ጠርቶ ለጉዞ ቢመችም፣ ሌሊቱ እጅግ ይበርዳል፤ በሳነቴ ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የተመዘገበበት ጊዜ አለ። ቀን በፀሐይ የተቃጠለ ተጓዥ ማታ ውኃው በኮዳው ውስጥ በረዶ ሆኖ ቢያገኘው ሊደነቅ አይገባም።

የአምባው ጠርዝ ላይ ሲደረስ ሜዳው በድንገት ያበቃል። ጋርባ ጉራቻ የሚገኘው 3,950 ሜትር ከፍታ ላይ፣ በቶጎና ሸለቆ ራስጌ፣ የጥንት የበረዶ ግግር አለቱን ቦርቡሮ ባበጀው ጎድጓዳ ስፍራ ነው። ሐይቁ ትንሽ ነው። ርዝመቱ ወደ 500 ሜትር፣ ጥልቀቱም 6 ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ነገር ግን ከሥሩ የተጠራቀመው ደለል ከ16,000 ዓመት በላይ የሆነውን የአካባቢውን የአየር ንብረትና የዕፅዋት ታሪክ በየንብርብሩ ይዞ የቆየ በመሆኑ፣ በምሥራቅ አፍሪካ ደጋማ ስፍራዎች ታሪክ ላይ የሚመራመሩ ሊቃውንት በተደጋጋሚ ናሙና ወስደውበታል። በደለሉ ውስጥ የተገኘው የከሰል ብናኝ፣ እሳት በአስታ ቁጥቋጦው ላይ በሺህ ለሚቆጠሩ ዓመታት ሲመላለስ እንደኖረ ያመለክታል። ይህም በ1992 ዓ.ም የደረሰውን ዓይነት ከፍተኛ ቃጠሎ ቀላል አያደርገውም። ዛሬ ደኑ በዙሪያው በእርሻና በግጦሽ የተከበበ በመሆኑ እንደ ጥንቱ ለማገገም የሚተርፈው ቦታ ጠቧል።

ከጠርዙ ወደ ሐይቁ የሚወርደው መንገድ ቁልቁለቱ የበረታ፣ ድንጋዩም የሚንሸራተት ነው። ፈረሶቹ ጓዝ ይዘው ዙሪያ ጥምጥም በሆነው መንገድ ሲወርዱ፣ እግረኛው ምርኩዝ ይዞ እየተጠነቀቀ ይወርዳል። በውጣ ውረዱ ሁሉ ጉልበትን የሚፈትነው ይኸው ቁልቁለት እንጂ አቀበቱ አይደለም። ሐይቁን አልፎ ሸለቆውን ተከትሎ ወደ ጎባ አቅጣጫ ሲወረድ የመሬቱ ገጽታ በሰዓታት ውስጥ ይለዋወጣል፤ ከጅብራው ቀጥሎ አስታው፣ ከአስታው ቀጥሎ ኮሶውና ጥዱ ይመጣል።

በዚህ መንገድ ላይ ቀይ ቀበሮን ማየት የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ በኢትዮጵያ ብቻ ከሚገኘው ከዚህ እንስሳ ለአካለ መጠን የደረሱት ቁጥራቸው ከ500 በታች ሲሆን፣ ከግማሽ የሚበልጡት የሚኖሩት በባሌ ነው። ከእረኞች ውሾች የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ በ1984፣ በ1996 እና በ2001 ዓ.ም በመንጋዎቹ ላይ ከባድ እልቂት አስከትሏል። በ1996ቱ ወረርሽኝ በዌብ ሸለቆ ይኖሩ ከነበሩት ሦስት አራተኛው ገደማ አልቀዋል። በ2010 ዓ.ም በምግብ ውስጥ ተደርጎ የሚሰጥ ክትባት ለቀበሮዎቹ መሰጠት የተጀመረ ቢሆንም፣ የውሾች ክትባት ካልታከለበት ብቻውን በቂ አይሆንም። ተጓዡም ውሻ ይዞ መግባት፣ ቀበሮ መከተል ወይም ምግብ መወርወር አይገባውም።

ሌላው ጉዳይ የማገዶ ነው። በዚያ ብርድ እሳት የማይመኝ የለም። ሆኖም አንድ የአስታ ግንድ ለመወፈር ብዙ ዓመታት ስለሚፈጅበት፣ ተጓዡ የጋዝ ወይም የነዳጅ ምድጃ ይዞ መሄድ ይጠበቅበታል። በየወቅቱ ከብቶቹን ወደ ሆራና ወደ ግጦሽ ይዞ የሚወጣው አርብቶ አደር ግን ከዚህ የተለየ ችግር አለበት። እርሱ በስፍራው ያለው ከአባቶቹ በወረሰው የወቅት ዝውውር ነው። ፓርኩንና ነዋሪውን የሚያስታርቅ መፍትሔ የሚፈልጉ ኃላፊዎች ሊያስቡበት የሚገባው አንዱ ነጥብ፣ ከእግር ጉዞው የሚገኘው ገቢ ለአስጎብኚውና ለባለፈረሱ ብቻ ሳይሆን ግጦሹን እንዲቀንስ ለሚጠየቀው ቤተሰብም እንዴት ይድረስ የሚለው ነው።

ከሐይቁ አካባቢ የሚነሳው የቶጎና ውኃ ጎባ አጠገብ አልፎ ወደ ዌብ ተፋሰስ ይቀላቀላል። ዌብም በሶፍ ዑመር ዋሻ ውስጥ ሰንጥቆ አልፎ ወደ ምሥራቁ ቆላ ይወርዳል። በዚያ ያለው አርብቶ አደር ሳነቴን አይቶት ባያውቅም ከብቱን በበጋ የሚያጠጣው ከዚህ አምባ በሚወርድ ውኃ ነው።