«መደጋገፍ» ወይስ «ጥገኝነት»?

ስለ ውኃ፣ ስለ ኤሌክትሪክ፣ ስለ መንገድና ስለ ስልክ በሚዘጋጁ የዕቅድ ጽሑፎች አንዱ አገልግሎት ያለ ሌላው ሊሠራ አለመቻሉን ለመግለጽ ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ቃል «መደጋገፍ» ነው። ቃሉ ለጆሮ ይጥማል፤ አመሠራረቱም ግልጽ ነው። ዳሩ ግን ለዚህ ፅንሰ ሐሳብ አሳሳች ሆኖ አግኝተነዋል። ከሚደጋገፉ ሁለት ነገሮች አንዱ ቢደክም ሌላው ይይዘዋል፤ በመሠረተ ልማት ግን የአንዱ መውደቅ ሌላውን ይዞ ይወድቃል።

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2021 በአሜሪካ ቴክሳስ የደረሰው ለዚህ ማስረጃ ይሆናል። ብርዱ የጋዝ ጉድጓዶችንና የኤሌክትሪክ ማመንጫዎችን አገደ። የኃይል እጥረቱን ለመቋቋም መስመሮች ሲቋረጡ ጋዝ የሚያመርቱና በቧንቧ የሚገፉ ጣቢያዎችም አብረው ተቋረጡ፤ ብዙዎቹ ሊቋረጡ ከማይገባቸው ተቋማት መዝገብ አልገቡም ነበርና። ጋዙ ሲያንስ በጋዝ የሚሠሩ ማመንጫዎች ይበልጥ ተዳከሙ። ከ4 ሚሊዮን በላይ ቤቶችና ድርጅቶች በጨለማ ዋሉ፤ የውኃ አገልግሎትም ታወከ። ይህን «መደጋገፍ» ብሎ መጥራት እንደምን ይቻላል?

ቃሉ የጥገኝነቱን አቅጣጫም ይሰውራል። የአቃቂ ጉድጓዶች ውኃ ወደ አዲስ አበባ ሽቅብ የሚገፋው በኤሌክትሪክ ፓምፕ ነው። ኤሌክትሪካችን በአብዛኛው ከውኃ ኃይል ስለሚመነጭ «ውኃና መብራት ይደጋገፋሉ» ማለት ይቀናናል። ነገር ግን ተርባይኑን የሚያዞረው የወንዝ ውኃ ነው እንጂ የከተማው የቧንቧ ውኃ አይደለም። በአንድ ስም መጠራታቸው አንድ አላደረጋቸውም።

ስለዚህ ለአንድ አቅጣጫው «ጥገኝነት»፣ ለሁለት አቅጣጫው «የእርስ በርስ ጥገኝነት» እንዲባል እናሳስባለን። «ጥገኛ» የአንጀት ትልን ያስታውሳል የሚል ተቃውሞ ይቀርባል፤ እውነት ነው፣ ግን ቃሉ ጉዳትን ማስታወሱ እዚህ ላይ አይከፋም። በሰዋስው ረገድ «መጠጋጋት» ይቀርብ ነበር፤ ሆኖም የቅርበትን ትርጉም ቀድሞ ይዞታል። «መተሳሰር» መያያዝን እንጂ መፈለግን አይነግርም።

የውኃ ቧንቧና የስልክ ገመድ በአንድ ቦይ ሲቀበሩ የሚፈጠረው ግንኙነት ለብቻው ይታያል። አንዱ ሌላውን አይፈልገውም፤ ለመንገድ ሥራ የመጣ አንድ ቆፋሪ ግን ሁለቱንም ይበጥሳል። ባለሞያዎች ይህንንም ከጥገኝነት ዓይነቶች ይመድቡታል፤ እኛ «ጉርብትና» ብንለው ይሻላል እንላለን።

«ድጋፍ» ለመጠባበቂያ ይቆይ፤ ለምሳሌ መብራት ሲጠፋ ሆስፒታሉን ለሚያበራው ጄኔሬተር። ይህ ልዩነት ከተጠበቀ «የውኃና የኤሌክትሪክ አገልግሎቶች ይደጋገፋሉ» የሚለው ዓረፍተ ነገር እንዲህ ተብሎ ይጻፋል፦ «የውኃ አገልግሎቱ ፓምፖቹን ለማንቀሳቀስ የኤሌክትሪክ ጥገኛ ነው፤ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ የጄኔሬተሩ ድጋፍ ለ… ሰዓት ይበቃል።» ባዶውን ቦታ የሚሞላው መሐንዲሱ ነው።