የነከሰ ውሻ ለማን ይነገራል?

ውሻ ከሰው ጋር የኖረ፥ በበላበት የሚጮኽ፥ የጌታውን ደጅ የሚጠብቅ እንስሳ ነው። ጅብ ሌሊት ሌሊት ከጋራው ወደ መንደር በሚወርድባት በአዲስ አበባማ ውሻ የሌለው ግቢ እንቅልፍ የለውም የሚል ሰው ብዙ ነው። ስለዚህ ዛሬ ይህን ስንጽፍ ውሻን ለመክሰስ ተነሥተን አይደለም። ልናነሣው የፈለግነው ውሻ ሰውን ከነከሰ በኋላ እኛ ሰዎች የምናደርገውን ነው።

እንደምናየው ነገሩ አብዛኛውን ጊዜ በሰፈር ያልቃል። ውሻው የጎረቤት እንደ ሆነ ባለቤቱ ደንግጦ ይመጣል፥ ለመታከሚያ የሚሆን ጥቂት ገንዘብ ይሰጣል፥ ሽማግሌ ይገባና «ይቅር ለእግዚአብሔር» ይባላል። ውሻውም በዚያው ሌሊት በዱላ ወይም በመርዝ ይገደልና ከወንዝ ይጣላል። ባለቤት የሌለው ውሻ ሲሆን ደግሞ ድንጋይ ተወርውሮበት በመጣበት ይጠፋል። ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ማስታወቅ ግን ጎረቤትን እንደ መክሰስ ስለሚቆጠር የሚደፍረው ጥቂት ነው። ዕርቁ መልካም ነው፤ እኛም አንነቅፈውም። ነገር ግን ከተጣለው ውሻ ጋር አብሮ የሚጠፋ አንድ ትልቅ ነገር አለ፤ ይኸውም ውሻው በሽታ እንደ ነበረበትና እንዳልነበረበት የሚታወቅበት መንገድ ነው።

የእብድ ውሻ በሽታ የሚመጣው በታመመ እንስሳ ምራቅ ውስጥ በሚገኝ ቫይረስ ነው። ቫይረሱ በንክሻው ወይም በቧጨረው ቁስል ገብቶ የነርቭን መንገድ እየተከተለ ወደ አንጎል ይጓዛል። ጉዞው ዝግተኛ ነው፤ ብዙ ጊዜ ሁለት ሦስት ወር፥ አንዳንዴ አንድ ሳምንት፥ አንዳንዴም እስከ አንድ ዓመት ይወስዳል። ሕመምተኛው ውኃ ሲቀርብለት ጉሮሮው እየተናነቀው መሸበር ከጀመረ በኋላ ግን ሐኪም ሊያደርግለት የሚችለው ሥቃዩን ማቅለል ብቻ ነው ለማለት ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት በዚህ በሽታ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው እንደሚሞት ይገምታል፤ ከእነዚህም ከመቶው 99 የሚሆነው የሚያዘው ከውሻ ነው። በበሽታው በተጠረጠረ እንስሳ ከሚነከሱትም ከመቶው 40 የሚሆኑት ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። ልጅ ደግሞ ቁመቱ አጭር ስለ ሆነ ብዙ ጊዜ የሚነከሰው ወደ ፊቱና ወደ ራሱ ነው፤ ከዚያ እስከ አንጎል ያለው መንገድም አጭር ነው።

እንግዲህ ማስታወቅ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። አንድ ውሻ በነከሰበት ሰዓት በምራቁ በሽታውን የሚያስተላልፍ ከነበረ በ10 ቀን ውስጥ ራሱ ታሞ ይታያል፥ ወይም ይሞታል። እህል እንቢ ይላል፥ ድምፁ ይለወጣል፥ ለሃጩ ይዝረበረባል፥ ያለ ምክንያት ይናከሳል፤ አንዳንዱም አይናከስም፥ ጥግ ይዞ ፈዞ ይቀራል። ስለዚህ ውሻው ታስሮ 10 ቀን ቢጠበቅና ደኅና ቢሆን ለተነከሰው ሰው ትልቅ የምሥራች ነው። ሞቶ ከተገኘ ደግሞ አንጎሉ በላቦራቶሪ ይመረመራል። በዱላ ራሱን የተፈጠፈጠ ውሻ ግን ለዚህ ምርመራ አይመችም፤ ወንዝ የወሰደውማ ምን ይነገርለታል!

ይህ ማለት ግን የተነከሰው ሰው 10 ቀን እጁን አጣጥፎ ይቀመጥ ማለት አይደለም። ቁስሉን ወዲያውኑ በውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ ማጠብ፥ ከዚያም ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ክትባቱን መጀመር ይገባዋል። ውሻው ደኅና መሆኑ በኋላ ሲረጋገጥ ሐኪሙ የቀረውን ክትባት ሊያስቀርለት ይችላል። ክትባቱን በመፍራት ወደ ባህል መድኃኒት ብቻ የሚሮጡ ሰዎች አሉ። ፍርሃታቸው መነሻ የሌለው አይደለም፤ በአገራችን ለብዙ ዓመታት ሲሠራበት የኖረው ከበግ አንጎል የሚዘጋጀው ክትባት በየቀኑ በተከታታይ የሚወጋ አስቸጋሪ መድኃኒት ነበር። በአዲሱ ዘዴ የሚሠራው ክትባት ግን በክንድ ላይ ጥቂት ጊዜ ብቻ የሚሰጥ ነው። ሉዊ ፓስተር በ1877 ዓ.ም. (በፈረንጆች በ1885) በውሻ የተነከሰውን የ9 ዓመቱን ልጅ ዮሴፍ ማይስተርን ከትቦ ካዳነ ወዲህ ትምህርቱ ብዙ ርቀት ሄዷል። የዚሁ ሊቅ ስም በአዲስ አበባ የአንድ ሰፈር መጠሪያ ሆኖ እስከ ዛሬ ይኖራል፤ በዚያ ተቋቁሞ የነበረው የፓስተር ተቋም ከብዙ ለውጥ በኋላ የአሁኑ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነው።

አሁን ነገራችንን በጽሕፈት ቤት ወንበር ላይ ለሚቀመጠው ወጣት ሠራተኛ እናዙር። እናት የተነከሰ ልጇን ይዛ ስትመጣ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፥ ነገ ተመለሺ» የሚለው ቃል በሌላ ጉዳይ ላይ ቢያስቆጣ ነው፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ግን የሰው ሕይወት ሊያሳልፍ ይችላል። የእብድ ውሻ በሽታ በአገራችን የጤና ቅኝት ሥርዓት ወዲያውኑ ሪፖርት ከሚደረግባቸው በሽታዎች አንዱ ነው። መጠየቅ የሚገባውም ብዙ አይደለም፤ መቼ፥ የት ሰፈር፥ የሰውነቱን የትኛውን ክፍል ነከሰ፥ ውሻው ባለቤት አለው ወይ፥ ተከትቧል ወይ፥ አሁን የት ነው፥ ሌላ ሰው ወይም ከብት ነክሷል ወይ? ይህ ተጽፎ ለጤናውም ለእንስሳት ሐኪሙም መድረስ አለበት፤ «እሱ የእነሱ ሥራ ነው» እየተባባሉ ሁለቱ ቢሮዎች ሲገፋፉ 10ሩ ቀን ያልቃል። ተማሪዎችም ቢሆኑ ማንበብና መጻፍ ለማይችል ጎረቤት ይህችን ያህል ጽፎ መስጠት አያቅታቸውም።

ባለ ውሻውስ? ሕጉ ለእርሱ የተሰወረ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው በድንገት አምልጦ ጉዳት ቢያደርስ እንኳ ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል። ጥፋት የሌለበት ባለቤት እንስሳውን ለተጎዳው ሰው አስረክቦ ከኃላፊነት ሊድን እንደሚችልም ሕጉ ይላል፤ ያበደ ውሻ የሚረከብ ተበዳይ ግን በቀላሉ የሚገኝ አይመስለንም። እንግዲህ ውሻውን ቢደብቀውም ቢገድለውም ኃላፊነቱ አይነሣለትም። ይልቅስ ውሻውን አስሮ፥ የክትባት ወረቀቱን ይዞ ራሱ ቀድሞ ቢያስታውቅ ከጎረቤቱም ጋር የሚያደርገው ዕርቅ የበለጠ የጸና ይሆናል።

አንዳንድ ሰው የመንገድ ውሻ ሁሉ ተገድሎ ይለቅ ሲል እንሰማለን። ይህ በብዙ አገር ተሞክሮ በሽታውን አላጠፋም፤ የሞቱት ቦታ ባልተከተቡ ሌሎች ውሾች ይሞላልና። በሽታው የሚቋረጠው በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች ከመቶው 70 ያህሉ ሲከተቡ እንደ ሆነ የዘርፉ ሊቃውንት ይናገራሉ። የክትባቱ ቡድን በጀቱ ሁልጊዜ ጥቂት ነው፤ መኪናውም አንድ ነው። በየትኛው ሰፈር ይጀምር ቢባል መልሱ የሚገኘው ከዚያች እናት ቃል በተጻፈው መዝገብ ነው፤ በዚህ ወር ከወንዙ ማዶ አራት ሰው፥ ከወዲህ ማዶ አንድ ሰው ተነክሷል ብሎ የሚነግረው ሌላ የለውም።