ስኳር አለብኝ፤ ውጪ መብላት ላቁም?



በውስጥ መስመር ደጋግሞ የሚደርሰኝ ጥያቄ ይህ ነው፦ «ዶክተር፣ ስኳር አለብህ ተብያለሁ። ከእንግዲህ ከጓደኞቼ ጋር ወጥቼ መብላት ላቁም?»

በጭራሽ! «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» በሚባልበት አገር ሰውን ከማዕድ ማራቅ ሕክምና አይደለም። የሚያስፈልገው ስኳሩ የት እንደተደበቀ ማወቅ ነው። ለምሳሌ ቸርችል ጎዳናን እንውሰድ። ከፒያሳ በጥቁር አንበሳ በኩል እስከ ለገሃር ስትወርዱ ግራና ቀኙ ካፌ፣ ጁስ ቤት፣ ኬክ ቤትና ምግብ ቤት ነው። ምን እንዘዝ?

1. ከወጡ ይልቅ መጠጡን ፍሩ

የእኛ ወጥ አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፤ አብዛኛውን ጊዜ ስኳር አይገባበትም። ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ ጥብስ፣ ዶሮ... ጣዕማቸው ከሽንኩርት፣ ከበርበሬና ከቅመም ነው።

ስለ ታይላንድ ምግብ የጠየቃችሁኝም አላችሁ። እሱ ይለያል። የታይ ምግብ ጣፋጩን፣ ጎምዛዛውን፣ ጨዋማውንና የሚያቃጥለውን በአንድ ሳህን ማዋሃድ ይወዳል። ስለዚህ ፓድ ታይ በሚባለው የሩዝ ኑድል ሶስ ውስጥ ስኳር አለ፤ ኑድሉ ራሱም ስታርች ነው። ከሄዳችሁ የተጠበሰ ዓሣ ወይም ዶሮ ከአትክልት ጋር እዘዙ፤ ሩዙን ቀንሱ፤ «ሶሱ ለብቻው ይምጣልኝ» በሉ።

ሐበሻ ምግብ ስንበላ ግን ስኳሩ የሚመጣው ከጎን ነው፦

• ለስላሳ፦ በ300 ሚሊ ሊትር ኮካ ኮላ ውስጥ ከ30 ግራም በላይ ስኳር አለ። ከ7 እስከ 8 የሻይ ማንኪያ ማለት ነው! የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ ባወጣው መመሪያ የተጨመረ ስኳርና የጁስ ስኳር ተደምሮ በቀን ወደ 25 ግራም ቢወርድ ይመረጣል ይላል። አንዱ ጠርሙስ ብቻውን አለፈው።

• ጁስ፦ «ፍራፍሬ አይደል እንዴ?» ትሉኛላችሁ። አንድ ብርጭቆ የማንጎ ጁስ ከአንድ በላይ ማንጎ ሊፈጅ ይችላል፤ ስኳርም ይጨመርበታል። ፍሬውን እያኘካችሁ መብላት ይሻላል። ጁስ ቤት ከገባችሁ ምርጫችሁ አቮካዶ ይሁን፤ በተፈጥሮው ስኳሩ በጣም ትንሽ ነው። ግን «ያለ ስኳር፣ ያለ ቪምቶ፣ በሎሚ» ማለት አትርሱ። ቪምቶው ከፈሰሰበት አቮካዶነቱ አያድናችሁም።

• ማኪያቶና ሻይ፦ ቶሞካ ቆማችሁ ቡና መጠጣት ማንም አይከለክላችሁም። ቡናው ሳይሆን ስኳሩ ነው ችግሩ። ሲያዙ «ያለ ስኳር» በሉ፤ ተቀላቅሎ ከመጣ በኋላ ማውጣት አይቻልም።

• ኬክና ቦምቦሊኖ፦ ካማራችሁ አንዱን ለሁለት ተካፈሉ፤ በዚያን ቀን እንጀራውን ቀንሱ።

2. እንጀራው ላይ እንነጋገር

«ጤፍ ስኳር አያመጣም» የሚለው ትክክል አይደለም። ጤፍ ፋይበርና ብረት ያለው ጥሩ እህል ነው፤ ነገር ግን በውስጡ ያለው ስታርች ተፈጭቶ ደም ውስጥ ስኳር ይሆናል። በጋራ ትሪ ላይ ደግሞ ስንት እንደበላን አይታወቅም። ስለዚህ በያይነቱ ሲቀርብ መጀመሪያ ጎመኑንና ሰላጣውን፣ ቀጥሎ ምስሩን ወይም ሥጋውን፣ በመጨረሻ እንጀራውን አብዙ። ይህ ቅደም ተከተል ከምግብ በኋላ የሚወጣውን ስኳር ያለዝበዋል። «ጭማሪ እንጀራ ላምጣ?» ሲባል በፈገግታ «ይበቃናል» በሉ። ጉርሻ የሚያበዛ ወዳጅ ካለ ደግሞ ወጡን እንዲያበዛው ንገሩት 😊

3. ዳገቱን ተጠቀሙበት

ከምግብ በኋላ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ መራመድ ጡንቻችሁ ስኳሩን ከደም ስቦ እንዲጠቀምበት ያደርጋል። ከለገሃር ወደ ፒያሳ ያለው ዳገት ለዚህ የተመቸ ነው። የልብ ሕመም ወይም የእግር ቁስል ያለባችሁ ግን መጀመሪያ ሐኪማችሁን አማክሩ።

4. ከሁሉም በላይ ይህን አትርሱ ⚠️

ኢንሱሊን የምትወጉ ወይም ግሊቤንክላማይድ የምትወስዱ ከሆነ ትልቁ አደጋ የስኳር መውረድ ነው። መድኃኒቱን ቤት ወስዳችሁ ትወጣላችሁ፤ ታክሲ ይጠፋል፤ ምግቡ ይዘገያል፤ ስኳሩ ይወርዳል። ምግቡ መቼ እንደሚደርስ ሳታውቁ ኢንሱሊን አትወጉ።

ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ድንገተኛ ረሃብ፣ የልብ ምት መፍጠን ወይም ግራ መጋባት ከመጣ፣ ወይም ልኬቱ ከ70 በታች ከሆነ፣ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጣችሁ ወይም ግማሽ ጠርሙስ ለስላሳ ወዲያው ጠጡ። ዜሮ ስኳር የሚለው አይሠራም! ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻላችሁ ድገሙ፤ ሲሻላችሁ ምግብ ብሉ። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ግን ምንም አትጨምሩ፤ በፍጥነት ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። ለዚህ ነው አብሯችሁ የሚበላው ሰው ስኳር እንዳለባችሁ ማወቅ ያለበት። የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ምግቡ ተስማምቷችሁ እንደሆነ ለማወቅ መብላት ከጀመራችሁ 2 ሰዓት በኋላ ለኩ። ለብዙ አዋቂዎች ከ180 በታች ከሆነ ጥሩ ነው፤ የእናንተን ግብ ግን ሐኪማችሁ ይወስነዋል። መድኃኒት በራሳችሁ አታቋርጡ፣ አትቀይሩም።

ስኳር ያለበት ወዳጅ ካላችሁ ሼር አድርጉለት፤ ከዚያም ምሳ ጋብዙት።